አምስት ስም፣ አንድ ድርሰት

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የግሩፕ አሳይመንት ገና ሳይገለጥ ይታወቃል። ሽፋኑ ላይ አምስት ስም ከነአይዲ ቁጥሩ ተደርድሯል። ውስጡ ሲገባ መግቢያው ስለ ከተማ ትራንስፖርት ይጀምራል፤ ቀጣዩ አንቀጽ የመኪና አደጋ ይዘረዝራል፤ መደምደሚያው ሁለቱንም ረስቶ ወጣቶችን ይመክራል። የፊደሉ መጠን እንኳ ከገጽ ገጽ ይለያያል። «ማን ጻፈው?» ስል መልሱ ፈጣን ነው፦ «ቲቸር፣ እኔ መግቢያው ነው የደረሰኝ።»

ቅርጫ ለበሬ ያምራል፤ ለድርሰት አይሆንም። የባሰው ደግሞ አንዱ ጎበዝ ሲጽፍ አድሮ፣ የቀሩት የፕሪንት ብር አዋጥተው ስም የሚያስገቡበት ነው።

«ታዲያ ለምን ትሰጣለህ?» ይሉኛል። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከተመለሱ ወዲህ፣ መሐንዲስ የሚሆነውም ሐኪም የሚሆነውም እኛ ዘንድ እንግሊዝኛ ይማራል። ክፍሉ ጢም ያለ ነው፤ የሁሉንም ድርሰት በየጊዜው አርሞ መመለስ አይቻልም። የእኔ ምክንያት ግን የእርማት ድካም አይደለም፤ ከአንድ የቆየ ታሪክ የመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ለከተማው የሁለተኛ ደረጃ ምሩቃን በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በብሩክሊን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ኬኔት ብሩፊ አንድ ነገር ታዘበ፤ መጻፍ የሚከብዳቸው ተማሪዎች ከመምህር የሚመጣውን እርዳታ ይሸሻሉ፣ ከእኩያቸው የመጣውን ግን ይቀበላሉ። ብሩፊ የተመረኮዘው በእንግሊዛዊቷ ተመራማሪ በኤም.ኤል.ጄ. አበርክሮምቢ ሥራ ላይ ነበር። እሷ ለንደን ውስጥ ያጠናቻቸው የሕክምና ተማሪዎች በአንድ በሽተኛ ዙሪያ ቆመው ሲከራከሩ፣ በሽታውን የመለየት ብልሃት ለየብቻ ከሚማሩት ፈጥኖ ይገባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጽሑፉ ብሩፊ መጻፍን ከንግግር የሚወለድ ነገር አድርጎ አቀረበው። አብሮ ያልተከራከረ ሰው ወረቀቱ ፊት ብቻውን ሲቀመጥ የሚያወራው አያገኝም ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ ክፍል ውስጥ ክርክሩ ይቀድማል። ሁሉም ዋና ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ከዚያ አንዱን መርጠው ይፋጩበታል። በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን፣ እንግሊዝኛው በኋላ ይደርሳል። አንድ ቡድን «ባጃጅ አደጋ ያመጣል» ብሎ ተነሣ። አባቱ ባጃጅ ነጂ የሆነ ልጅ መካከላቸው ነበርና አላስቀመጣቸውም። በመጨረሻ የጻፉት «ባጃጅ አደጋ የሚያበዛው ማራገፊያ ባልተሰጠው መንገድ ላይ ነው» የሚል ሆነ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከአምስቱ አንዳቸውም ብቻቸውን አይጽፉትም ነበር።

ችግሩ አይጠፋም። «አንቺ ጽሕፈትሽ ያምራል» ተብላ ሴቷ ሁልጊዜ ጸሐፊ ትደረጋለች፤ ስትጽፍ ደግሞ አትናገርም። እስክሪብቶውን በየአንቀጹ አዙሩ እላለሁ። ጎግል ዶክስ ማን ምን እንደጨመረ ይመዘግባል፤ ላፕቶፕ ለሌለው ግን የየራሱ ቀለም ያለው እስክሪብቶ ረቂቁ ላይ ያንኑ ያሳያል። ከውጤቱ ግማሹን የምሰጠው ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ብቻውን ለሚጽፈው አንቀጽ ነው፤ ጥያቄውም «ዓረፍተ ነገራችሁ ለምን ተቀየረ?» የሚል ነው። ስሙን ብቻ ያስገባ እዚህ ላይ ይታወቃል።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ የግሩፕ ሥራ ስትሰጡ ንጹሑን ቅጂ ብቻ አትቀበሉ፤ የተሠረዘውንና የተደለዘውን ረቂቅም አብራችሁ አስረክቡን በሏቸው።