በሃሎዊን ሰሞን ወደ ሴለም ከተማ የተደረገ ጉዞ

በአሜሪካ አገር የመከር ወራት በገባ ጊዜ በየቤቱ ደጃፍ ላይ ዱባ ተቀምጦ ይታያል። ዱባውም ለወጥ የተገዛ አይደለም፤ ሆዱን ፈልፍለው፥ ዓይንና አፍንጫ፥ አፍና ጥርስ ቀርጸውለት፥ በውስጡ መብራት ያኖሩበታል። ይህም የሚደረገው ሃሎዊን ለሚሉት በዓል ነው። በዓሉ የሚውለው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኦክቶበር 31 ቀን ሲሆን፥ እንደ እኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን ገደማ ነው። የስሙም ትርጓሜ የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ ማለት ነው፤ ለምን ቢሉ በምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ማግስቱ የቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ ስለ ሆነ። ዳሩ ግን የአየርላንድ ሰዎች ከዚያም በፊት በዚሁ ወራት፥ መከሩ ገብቶ ብርድ ሲጀምር፥ የሚያከብሩት የጥንት በዓል ነበራቸው፤ በዚያም ሌሊት የሙታን መናፍስት በሕያዋን መካከል ይመላለሳሉ ይባል ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ረኃብና ችግር አሳድዷቸው ወደ አሜሪካ በሄዱ ጊዜ ልማዱን ይዘው ገቡ። በአገራቸው ይቀርጹት የነበረው ተርኒፕ የሚባለውን ሥራ ሥር ነበረ፤ በአዲሱ አገር ግን ዱባን ትልቅና ለቢላዋ የቀለለ ሆኖ ስላገኙት ሥራ ሥሩን ተዉት።

በዚያ ማታ ልጆች መልካቸውን ለውጠው፥ እኩሌቶቹ አጥንት፥ እኩሌቶቹ ንጉሥ፥ እኩሌቶቹም ድመት መስለው፥ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይለምናሉ። ይህን ለሚሰማ የአገራችን ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም፤ የእኛም ልጆች በቡሄ ዱላቸውን እየመቱ ሆያ ሆዬ ብለው ሙልሙል ይቀበላሉና።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን ያስነበቡን አንድ የናትናኤል ሆውቶርን መጽሐፍ ነበረ። ከዚያ ወዲህ የዚህን ደራሲ መጻሕፍት ባገኘሁበት ሁሉ ማንበብ ልማድ ሆነብኝ፤ ባለቤቴም አንዳንድ ጊዜ «ያ ፈረንጅ ዛሬም መጣ?» እያለች ትቀልድብኛለች። ባለፈው ጥቅምት በቦስተን ከተማ ወደሚኖረው ወደ አብሮ አደጌ ቤት በእንግድነት በሄድሁ ጊዜ፥ የሆውቶርን የትውልድ ከተማ ሴለም ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንደሚርቅ ባወቅሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባልንጀራዬ ከእኔ ጋራ ዳዊት የደገመ፥ በአንድ ቁራሌ ምንጣፍ ላይ የተኛ ሰው ነውና ጠባዬን ያውቃል፤ «ቅዳሜ እወስድሃለሁ፤ ነገር ግን ሕዝቡን አይተህ እንዳትደነግጥ» አለኝ።

በቤቱም በዚያ ሳምንት ሰላም አልነበረም። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ለሃሎዊን የጠንቋይ ልብስ፥ ይኸውም ጥቁር ቀሚስና ጫፉ የሾለ ቆብ፥ እንዲገዛላት ለምና ነበር። እናቲቱ «በእኔ ቤት የመተተኛ ልብስ አይገባም» አለች፤ ልጅቱም «የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ይለብሳሉ» ብላ አለቀሰች። ባልንጀራዬ በሁለቱ መካከል ሆኖ የሚለው ቢያጣ፥ «እኔና አጎትሽ ከሴለም ስንመለስ ጠንቋይ ስለሚሏቸው ሰዎች እነግርሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ትወስኛለሽ» ብሎ ቃል ገባላት።

ቅዳሜ ጧት በቦስተን ሰሜን ጣቢያ በባቡር ተሳፈርን። መንገዱ የግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ከመስኮቱ ውጭ ዛፎቹ ቅጠላቸው ወርቅና ደም መስሎ ይታይ ነበር። ቀኑ ባጠረና ብርዱ በበረታ ጊዜ የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም ይፈርሳል፤ ቢጫው አስቀድሞ በውስጡ ተሰውሮ የነበረ ሲሆን፥ ቀዩን ግን ቅጠሉ በዚያው ሰሞን አዲስ ያበጀዋል ይላሉ የዕፀዋት ሊቃውንት። በባቡሩ ውስጥ ከእኛ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ጥቁር ክንፍ ለብሰው ነበረ፤ ባልንጀራዬ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ፥ እኔ ግን ሰላምታ ሰጠኋቸው።

ሴለም የ44 ሺህ ያህል ሰው ከተማ ናት፤ ነገር ግን በቅርቡ ዓመታት በኦክቶበር ወር ብቻ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ጎብኚ ይገባባታል። ስሟ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው፤ መልከ ጼዴቅ የነገሠባት ሳሌም፥ ሰላም ማለት። በ1629 ዓ.ም. ይህን ስም ያወጡላት ከእንግሊዝ አገር የመጡ ጥብቅ ሃይማኖተኞች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው።) እነርሱ እንኳን ሃሎዊንን ልደትንም አያከብሩም ነበር፤ ከ1659 እስከ 1681 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ልደትን ሲያከብር የተገኘ ሰው አምስት ሽልንግ ይቀጣ ነበር። ዛሬ በመንገዷ ላይ የሚጨፍረውን ሕዝብ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

መጀመሪያ ባለ ሰባት ሾጣጣ ጣራ ወደሚባለው ቤት ሄድን። ይህን ቤት በ1668 ዓ.ም. የሠራው ጆን ተርነር የሚባል የባሕር ነጋዴ ነው። ሆውቶርን በ1851 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፉ ስለዚህ ቤት ሲተርክ፥ በጥንቆላ ተከሶ የተሰቀለ ሰው መሬቱን የነጠቀውን ባለጠጋ ሲረግም ያሳየናል። ነገሩ ልብ ወለድ ይሁን እንጂ የደራሲውን ቤተ ሰብ የሚነካ ነበር፤ የአያቱ አያት ጆን ሃቶርን በ1692 ዓ.ም. ተከሳሾችን ከመረመሩት ዳኞች አንዱ ነበረና። ቤቱን በ1908 ዓ.ም. የገዛችው ካሮላይን ኤመርተን የምትባል ሴት ናት፤ ለሕዝብ ከፍታ በመግቢያው ገንዘብ ከውጭ አገር ለመጡ ድኾች ቤተ ሰቦች ትምህርትና ርዳታ እንዲሰጥበት አደረገች። ባልንጀራዬ ይህን በሰማ ጊዜ «እንግዲያስ ትኬቱን እኔ ልክፈል» አለ። የሆውቶርንም የትውልድ ቤት ከቦታው ተነሥቶ በ1958 ዓ.ም. ወደዚሁ ግቢ ተዛውሯል። ጣራው ዝቅ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ከቆየሁት የተነሣ ጠባቂዋ ሁለት ጊዜ አስታወሰችኝ።

አሁን በዚያ ዓመት የሆነውን ልንገራችሁ። በ1692 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ዛሬ ዳንቨርስ በምትባለው በሴለም መንደር፥ የቄሱ የሳሙኤል ፓሪስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቤቲና የአሥራ አንድ ዓመት ዘመዷ አቢጌል መጮኽና መንፈራገጥ ጀመሩ። ሐኪሙ የሚያውቀው በሽታ ባለመሆኑ አስማት ነው ተባለ። ማን አደረገባችሁ ተብለው በተጠየቁ ጊዜ ሦስት ሴቶች ስም ተጠራ፤ አንዲቱ የቄሱ ባሪያ ቲቱባ፥ ሁለተኛዪቱ ለማኝ የሆነች ሣራ ጉድ፥ ሦስተኛዪቱ የታመመች ሣራ ኦዝበርን። ወገን የሌላቸው ሴቶች አስቀድመው እንደ ተጠሩ ልብ በሉ። ከእነርሱ በኋላ ግን ክሱ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ከ150 የሚበልጡ ሰዎች ተከሰሱ።

እኔ በፍርድ ቤት መዝገብ የምጽፍ ሰው በመሆኔ ይህን ክፍል ያነበብሁት እንደ ታሪክ ብቻ አይደለም። ምስክሮቹ «እከሊት በመንፈሷ መጥታ አነቀችኝ» ብለው ይናገሩ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ይህን እንደ ማስረጃ ተቀበለ። እንዲህ ያለውን ምስክርነት ማን ያፈርሰዋል? ተከሳሿ «በዚያ ሰዓት በቤቴ ነበርሁ» ብትል፥ ሥጋዋ በቤቷ ሳለ መንፈሷ ሄደ ይሏታል። ጠበቃ የላትም። አድርጌአለሁ ብላ ያመነች በሕይወት ትቆያለች፤ አላደረግሁም ያለች ትሰቀላለች። የ71 ዓመቷን ባልቴት ሬቤካ ነርስን ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች አስቀድመው ነጻ ናት ብለው ነበር። ነገር ግን ከሳሾቹ ጮኹ፤ የዳኞቹም አለቃ ስታውተን አንድ የተናገረችውን ቃል እንደ ገና እንዲያስቡበት አሳሰባቸው። ስለ ቃሉ በጠየቋት ጊዜ ጆሮዋ ስለ ደከመ አልሰማችምና ዝም አለች፤ ዝምታዋም እንደ እምነት ቃል ተቈጥሮ ተፈረደባት።

የዚያ ፍርድ ቤት ጸሐፊ እስጢፋኖስ ሱዋል ይባል ነበር፤ ቤቲ ከሌሎቹ እንድትለይ የተላከችውም ወደ እርሱ ቤት ነው። ቀን የከሳሾችን ቃል ጽፎ ማታ ከአንዲቱ ጋራ እራት የሚበላ ጸሐፊ ምን ያስብ እንደ ነበረ አሰላሰልሁ።

አሥራ ዘጠኝ ሰዎች በገመድ ተሰቀሉ፤ አሥራ አራቱ ሴቶች፥ አምስቱ ወንዶች ናቸው። ጋይልስ ኮሪ የሚባለው ከሰማንያ ዓመት ያላነሰ ሽማግሌ በዚያ ፍርድ ቤት አልዳኝም ብሎ እንቢ ስላለ፥ በደረቱ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ። ሌሎችም በወኅኒ አለቁ። የእስር ቤቱን ቀለብ የሚከፍለው እስረኛው ራሱ ነበር፤ ነጻ የወጣ ሰው እንኳ ዕዳውን ሳይከፍል ከበሩ አይወጣም።

ይህን ስናነብ «የፈረንጅ ጅልነት» ብለን የምናልፈው እንዳይሆን እሰጋለሁ። በእኔ የልጅነት መንደር አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት ገንቦዋን ተሸክማ ስታልፍ፥ እናቶቻችን ቡዳ ናት ብለው በነጠላቸው ይሸፍኑን ነበር። ልጅ በታመመ ቍጥርም የእርሷ ስም ይጠራል። በገንቦዋ ግን መንደሩ ሁሉ ውኃ ይቀዳበት ነበር። ባልንጀራዬም ሴትዮዋን ያስታውሳታል፤ ስሟን ለማስታወስ ግን ሁለታችንም አልቻልንም፤ ቡዳዋ ከማለት በቀር ሌላ ስም ሲጠራላት አልሰማንምና።

ከቀትር በኋላ በጥንቱ መቃብር አጠገብ ወዳለው መታሰቢያ ገባን። በ1992 ዓ.ም. የተሠራ ነው። ከድንጋዩ ቅጥር ሃያ የድንጋይ መደቦች ብቅ ብለው ይታያሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ሟች ስምና የሞቱበት ቀን ተቀርጿል። አንድ ቤተ ሰብ የሾለ ቆባቸውን እንደ ደፉ በአንዱ መደብ ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ይበሉ ነበር። ክፋት አስበው አይደለም፤ ደክሟቸው ነው። የፖሊሱ ምልክት እንኳ በመጥረጊያ ላይ የተቀመጠች ጠንቋይ በሆነችበት ከተማ እንግዳውን መውቀስ አይቻልም። ከተማይቱ በዚህ ገበያ እንደምትኖር አውቃለሁ፤ ነገር ግን የተሰቀሉት ሰዎች ጠንቋዮች አይደለንም ብለው የሞቱ ሆነው ሳለ በጠንቋይ ሥዕል መታሰባቸው ለእኔ አልተዋጠልኝም። የተሰቀሉበት ቦታ ርግጡ የታወቀው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ከአንድ መድኃኒት ቤት በስተኋላ ያለ ትንሽ ድንጋያማ ኮረብታ ሲሆን፥ በ2017 ዓ.ም. ስማቸው የተጻፈበት ግንብ ተሠራለት። ከከተማው ጩኸት ራቅ ስላለ በደረስን ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ አገኘን።

እሑድ በመኪና ወደ ዳንቨርስ፥ ወደ ሬቤካ ነርስ ቤት ሄድን። እርሻው ሰፊ ነው፤ ቤቱ በኮረብታ ላይ ቆሟል። ልጆቿ ሬሳዋን በሌሊት አምጥተው በዚያ እንደ ቀበሩት በቤተ ሰቡ ይነገራል። ከመታሰቢያዋ ሐውልት አጠገብ በ1892 ዓ.ም. የቆመ ሌላ ድንጋይ አለ፤ በዚያ ክፉ ጊዜ ሬቤካ መልካም ሴት ናት ብለው ስለ እርሷ የቆሙት 40 ያህል ጎረቤቶች ስም ተጽፎበታል። ስለ ተከሳሽ መፈረም ራስን ማስከሰስ በነበረበት ወራት የተደረገ ነው። ባልንጀራዬ ስሞቹን አንድ በአንድ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

ልዩው ፍርድ ቤት የተዘጋው በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በገዢው በፊፕስ ትእዛዝ ነው። ከዳኞቹ አንዱ ሳሙኤል ሱዋል በ1697 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ቆሞ በደሉን የሚናዘዝ ጽሑፉን በሕዝብ ፊት አስነበበ። በ1711 ዓ.ም. መንግሥቱ የብዙዎቹን ፍርድ ሽሮ ለቤተ ሰቦቻቸው ካሳ ሰጠ፤ በ1957 እና በ2001 ዓ.ም. ሌሎች ተጨመሩ። ተፈርዶባት ሳትሰቀል የቀረችው ኤልሳቤጥ ጆንሰን ግን ልጅ አልነበራትምና አስታዋሽ አጥታ ኖረች። የእርሷ ስም በ2022 ዓ.ም. ነጻ የወጣው በሰሜን አንዶቨር ያሉ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጉዳይዋን አንሥተው ስለ ደከሙላት ነው።

እሑድ ማታ ልጅቱ በሩ ላይ ጠበቀችን። አባቷ ስለ ሣራ ጉድ ልጅ ስለ ዶሮቲ ነገራት፤ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች ጠንቋይ ናት ተብላ ታስራ፥ ከስምንት ወር በላይ በወኅኒ ቆየች፤ እናቷም በዚያው ዓመት በጁላይ ተሰቀለች። አንድ የሴለም ሰው የ50 ፓውንድ ዋስ ሆኖላት ወጣች፤ አባቷ ከብዙ ዘመን በኋላ በጻፈው አቤቱታ ልጁ ከዚያ ወዲህ ራሷን ማስተዳደር እንዳልቻለች ገልጿል።

ልጅቱ ጥቂት ዝም ብላ፥ «አባዬ፥ ያ ሰውዬ ዘመዷ ነበረ?» አለችው። «መሆኑን አላነበብንም» አላት። በማግስቱ እናቲቱ ከገበያ ብርቱካንማ ጨርቅ ገዝታ መጣችና ሁለቱ ተቀምጠው የዱባ ልብስ ሲሰፉ አመሹ፤ ቆቡንም ከአረንጓዴ ክር እኔ ሠራሁላት።