የኦፓል ዋሻና አየሩ፦ ከቁፋሮ በፊት ሊታቀድ የሚገባው ጉዳይ

እህሉን በጉድጓድ የሚያከማች አርሶ አደር ክዳኑን እንዳነሣ ወዲያው ወደ ውስጥ አይወርድም፤ ከፍቶ ያናፍሰዋል፣ ቆይቶም ይገባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እህል ይተነፍሳል። በታፈነ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እየጨረሰ በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተዋል። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ እንደ ውኃ ከታች ይተኛል፤ ሽታ የለውም፣ በዐይንም አይታይም። ከመሬት በታች ማዕድን የሚቆፍሩ ሰዎችም የሚጋፈጡት ይህንኑ አደጋ ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ በጉድጓዱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መዋላቸው ነው።

በደቡብ ወሎ ዞን ደላንታ ወረዳ፣ በወገልጤና አካባቢ ኦፓል መገኘቱ በስፋት የታወቀው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ወጣቶች በገደሉ ወገብ ላይ ወደ ጎን ዋሻ እየፈለፈሉ ማዕድኑን ያወጣሉ። ኦፓል ያዘለው የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ በአብዛኛው አንድ ሜትር ውፍረት እንኳ አይሞላም። ቆፋሪው ይህን ቀጭን ንጣፍ ተከትሎ ስለሚሄድ ዋሻው ጠባብ፣ ረጅምና አንድ አፍ ብቻ ያለው ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. በወረዳው አንድ ዋሻ ተደርምሶ በውስጡ የነበሩ ቆፋሪዎች መውጫ ማጣታቸው ይታወሳል። ያን ጊዜ መነጋገሪያ የሆነው የድንጋዩ መደርመስ ነበር። አንድ አፍ ያለው ዋሻ ሲዘጋ ግን የሚዘጋው መውጫው ብቻ አይደለም፤ አየሩም አብሮ ይዘጋል።

ንጹሕ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው። በሥራ ቦታ ከ19.5 በመቶ በታች መውረዱ እንደ አደጋ ምልክት ይቆጠራል፤ ወደ 10 በመቶ ሲጠጋ ሰው ራሱን ይስታል። ደላንታን የመሰለ ደጋ ደግሞ ተጨማሪ ጫና አለበት። ከባሕር ወለል በላይ በ2500 ሜትር ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን በቆላ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ የደጋ ቆፋሪ ወደ ዋሻው የሚገባው ከመነሻውም ባነሰ ስንቅ ነው ማለት ይቻላል።

ብዙዎች ሻማ ወይም ኩራዝ ይዘው ይገባሉ፤ ነበልባሉ ከጠፋ ይወጣሉ። ይህ ልማድ የኦክስጅን ማነስን ያሳያል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አያሳይም። ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ የተኛን የከተማ ነዋሪ የሚገድለው ጋዝ ነው። በዋሻ ውስጥም ሆነ በዋሻ አፍ ላይ የተነሣ ጄኔሬተር ወይም የውኃ መሳቢያ ሞተር ይህንኑ ጋዝ ያመነጫል፤ ሻማው እየበራ ሰው ሊሞት ይችላል። በቁፋሮ የሚነሣው የሲሊካ አቧራ ጉዳት ደግሞ ሳንባ ላይ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

የአየር ዕቅድ የሚባለው ታዲያ ምንድን ነው? ባጭሩ፣ ንጹሕ አየር በየት ገብቶ፣ በምን ያህል መጠን ቆፋሪው ፊት ደርሶ፣ በየት እንደሚወጣ ከቁፋሮ በፊት ማስላት ነው። በሕንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ደንብ ለአንድ ሠራተኛ በደቂቃ 6 ሜትር ኩብ አየር ይታሰባል። በዚህ መነሻ ስምንት ሰዎች 48 ሜትር ኩብ ያስፈልጋቸዋል። የዋሻው ስፋት አንድ ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን አየሩ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። ይህ ፊት ላይ ለስለስ ብሎ የሚሰማ ነፋስ ነው፤ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ አፍ ባለው ዋሻ መጨረሻ ላይ በራሱ አይመጣም። በዋሻው ውስጥ የናፍጣ ሞተር ካለ ስሌቱ ይለወጣል። ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ኃይል በደቂቃ 3 ሜትር ኩብ ያህል ስለሚታሰብ፣ 10 ኪሎዋት ሞተር የአምስት ሰው ድርሻ ይወስዳል።

ሁለት አፍ በተለያየ ከፍታ ላይ ቢከፈት አየር በተፈጥሮ ሊዘዋወር ይችላል፤ በጭስ መውጫ ያለው ማድ ቤት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዝውውር የሚመነጨው ከውስጥና ከውጭ ሙቀት ልዩነት ነው። ማለዳ የነበረው ነፋስ፣ የውጩ አየር ሲሞቅና ከዋሻው ጋር ሲስተካከል ቀጥ ይላል። ለዚህም ነው ማራገቢያና እስከ ቆፋሪው አቅራቢያ የሚዘልቅ ቱቦ የሚያስፈልገው። ቱቦው ወደ ኋላ ከቀረ ማራገቢያው ይጮሃል እንጂ አየሩ ሰው ዘንድ አይደርስም። አየር መሳቢያው ጄኔሬተሩ አጠገብ ከተተከለም ጭሱን ወደ ውስጥ መንፋት ይሆናል። ነገሩ የግድ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በ1556 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመው የጀርመናዊው አግሪኮላ የማዕድን መጽሐፍ በወናፍ አየር ሲነፋ ያሳያል፤ ወናፍ ደግሞ ለአገራችን ቀጥቃጭ እንግዳ አይደለም።

የሁለተኛ መውጫ ግዴታ በሌላው ዓለም በከባድ ዋጋ የተገኘ ነው። በ1862 በእንግሊዝ የሃርትሊ ከሰል ማውጫ የውኃ መሳቢያው ግዙፍ ብረት ተሰብሮ ብቸኛውን ጉድጓድ ዘጋው። 204 ወንዶችና ልጆች ሞቱ፤ ብዙዎቹን የገደላቸው ከላይ የወደቀው ብረት ሳይሆን ታች የተጠራቀመው ጋዝ ነበር። በዚያው ዓመት ሁለት መውጫ ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ወጣ።

ከአዲስ አበባ ስታዲየም በመስቀል አደባባይ አልፎ ወደ ካዛንቺስ ሲኬድ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ይገኛል። ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች አንዱ የሆነው ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1995 ያጸደቀው የማዕድን ደኅንነት ስምምነት ቁጥር 176 ለእያንዳንዱ የመሬት ውስጥ የሥራ ቦታ በቂ አየርና በተቻለ መጠን ሁለት መውጫ እንዲኖር አሠሪውን ያስገድዳል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኛን ደኅንነት የመጠበቅ ኃላፊነት በአሠሪው ላይ ይጥላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ሕግጋት አሠሪን ይጠራሉ። በባህላዊ መንገድ ኦፓል የሚቆፍሩት ወጣቶች ግን ብዙውን ጊዜ በቡድን ገብተው የተገኘውን ይካፈላሉ፤ አሠሪ የሚባል የለም። በኩባንያ ማዕድን ማውጫ የአየር ዕቅድ የሚያዘጋጅ መሐንዲስ ይቀጠራል፤ በገደል ወገብ ላይ ባለ ዋሻ ግን ዕቅዱ የማንም ሥራ ሆኖ አያውቅም። ፈቃድ የሚሰጠው አካል የዋሻውን ርዝመት፣ የሠራተኛውን ቁጥርና ሁለተኛ አፍ መኖሩን ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት መጠየቅ ይችላል። ይህ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

እስከዚያው ግን ዋሻ፣ የውኃ ጉድጓድም ሆነ የከተማ ፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ከወደቀ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ አስከሬን መጨመር ሊሆን ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ አየር ወደ ውስጥ ይነፋል፤ የሚገባውም ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ገመዱን የሚይዙ ሰዎች ውጭ ቆመው ነው።