ፈገግታው ብቻ የቀረው ድመት

እ.ኤ.አ. በ1865 የታተመው የሉዊስ ካሮል «አሊስ በድንቅ ምድር» 42 ሥዕሎች አሉት። ከነዚያ ሁሉ ብዙ አንባቢ የማይረሳው የቼሻየሩን ድመት ነው፦ ዛፍ ላይ ኩርምት ብሎ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ከታች አንጋጣ የምታየውን አሊስን ቁልቁል ይመለከታል። ወዳጅ ይሁን ፌዘኛ ለመለየት ያስቸግራል።

ሠዓሊው ጆን ቴኒየል ይባላል። እንጀራው የልጆች መጽሐፍ ማስጌጥ አልነበረም፤ «ፓንች» በተባለው የእንግሊዝ የፌዝ መጽሔት ላይ ፖለቲከኞችን ሲሸነቁጥ የኖረ ካርቱኒስት ነው። በወጣትነቱ የጎራዴ ግጥሚያ ሲለማመድ አንድ ዓይኑን አጥቷል። በእንስሳቱ ፊት ላይ የሹም ኩራትና ኩርፊያ የሚነበበው ከመጽሔቱ ልማድ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ሥዕሉን ጠጋ ብሎ ለሚያይ ሌላም ነገር አለ። ቴኒየል በእርሳስ የሣለውን ቦክስዉድ በተባለ ጠንካራ እንጨት ላይ የቀረጹት ዳልዚል የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ምስሉ እንጨቱ ላይ የሚሰፍረው ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው። ቀራጩ መስመሩን አይነካም፤ የሚቆፍረው በመስመሮቹ መሐል ያለውን ቦታ ነው። ቀለም የሚይዘው ሳይነካ ከፍ ብሎ የቀረው እንጨት ብቻ ነው። ጥላ ባለበት ቦታ መስመር ከመስመር ሲጠላለፍ፣ በመሐል የምትታየው እያንዳንዷ ነጭ ነጥብ በቀጭን መቅረጫ ለብቻዋ ተፈልፍላ የወጣች ናት። ሠዓሊው በደቂቃ የሚጭረውን ጥላ ቀራጩ ዓይኑን አፍጥጦ ብዙ ሰዓት ይለፋበታል። እንጨቶቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ለንደን ውስጥ በአንድ ባንክ ካዝና ተገኝተው ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

ቴኒየል በሥራው ቀልድ አያውቅም። 2,000 ቅጂ ከታተመ በኋላ የሥዕሎቹን አወጣጥ አይቶ አልወደደውም። የኅትመቱን ወጪ ከኪሱ የሚሸፍነው ካሮል ራሱ ነበር፤ ቢሆንም መጽሐፉን ሰብስቦ በሌላ ማተሚያ ቤት እንደገና አሳተመው። ከታተሙት አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ ተሸጡ። ከመሰብሰቡ ያመለጡት ጥቂት ቅጂዎች ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ናቸው።

ወደ ድመቱ እንመለስ። ዛፉ ላይ የተሣለው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ሙሉ አካሉ ከነጅራቱ፣ አንዴ በታሪኩ እንደሚያደርገው ሊጠፋ ሲል። በጥንቱ ኅትመት ሁለቱ ሥዕሎች በተከታታይ ቅጠሎች ላይ፣ በቀኝ ገጽ፣ በአንድ ዓይነት ቦታ ተቀምጠዋል። ልጁ ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርግ ዛፉ ካለበት አይነቃነቅም፤ ድመቱ ግን እየደበዘዘ ይሄድና ፈገግታው ይቀራል። ሲኒማ ከመምጣቱ 30 ዓመት በፊት በወረቀትና በቀለም የተሠራ እንቅስቃሴ ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት ከ42ቱ ሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው።

ብዙ ዘመናዊ ኅትመቶች ሥዕሎቹን ቦታ በተገኘበት ስለሚያስገቧቸው ይህ ጨዋታ ጠፍቷል። መጽሐፉን ለልጁ የሚገዛ ወላጅ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የድመቱን ገጽ ገልጦ ይሞክረው።