እንዴት ይሠራል? የአንጋፋ ጎልፈኛ ድራይቨር

ድራይቨር ኳስን የሚነካው ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። አንድ ሰከንድ ሁለት ሺሕ ቦታ ቢቆረስ አንዷ ቁራሽ ማለት ነው። ኳሷ ምን ያህል እንደምትፈጥን፣ በስንት ዲግሪ ሽቅብ እንደምትነሣ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትሾር፣ ሁሉም እዚያች ቁራሽ ውስጥ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሰውነትን ማዘንበል፣ በእጅ መጥራት፣ "ተመለሽ እንጂ!" ማለት ለራስ ማጽናኛ ነው እንጂ ለኳሷ አይደርሳትም።

ስለዚህ ዕድሜው ገፍቶ ክንዱ የዘገየበት ጎልፈኛ ድራይቨር ሊቀይር ሲያስብ የሚጠይቀው ጥያቄ ጠባብ ነው፦ ይኼ ዱላ በዚያች ጊዜ ውስጥ አሮጌው ያላደረገልኝን ምን ያደርግልኛል? የሻጮች መልስ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፊቱ ነው። የዘንድሮው ፊት ይበልጥ ይስፈነጠራል፣ ኳሷን ያስወነጭፋታል ይሉዎታል። እኔ ደግሞ ገንዘብዎን የሚያተርፉት መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

የድራይቨር ፊት ስስ ብረት ነው፤ በአብዛኛው ታይታኒየም። ኳሷ ስታርፍበት በጥቂቱ ወደ ውስጥ ገባ ይልና ተመልሶ ይገፋታል። የዱላ ፋብሪካው ካላዌይ እ.ኤ.አ. በ1991 ቢግ በርታ የተባለውን ድራይቨር ሲያወጣ የዱላው ራስ መጠን 190 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነበር፤ ያን ጊዜ ይህ ግዙፍ ተብሎለታል። ራሱ እየተለቀ፣ ፊቱ እየሳሳ፣ ግፊቱም እየጨመረ ሲሄድ የጨዋታው ሕግ አውጪዎች፣ የአሜሪካው ዩኤስጂኤ እና የስኮትላንዱ አር ኤንድ ኤ፣ ልጓም አበጁለት። ለራሱ መጠን ጣሪያው 460 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሆነ። ፊቱ ደግሞ የሚፈተነው በትንሽ የብረት ፔንዱለም ነው፤ ፔንዱለሙ ተወዛውዞ ፊቱን ይነካል፣ መሣሪያው ንክኪው የቆየበትን ጊዜ ይለካል። ፊቱ ይበልጥ በተለጠጠ ቁጥር ንክኪው ይረዝማል። ከ257 ማይክሮሰከንድ ካለፈ ዱላው ለውድድር አይፈቀድም። ይህ ገደብ ከመጣ 20 ዓመት አልፎታል፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም ከጣሪያው ሥር ተጣብቀው መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። የዘንድሮው ፊት ከአምስት ዓመት በፊቱ በመሀሉ ብዙ ሊበልጥ የማይችለው ችሎታ አጥተው ሳይሆን ስላልተፈቀደላቸው ነው።

ሒሳቡን ለማየት ወረቀት እንኳ አያስፈልግም። የዱላው ራስ 200 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ኳሷ በሕጉ ከ45.93 ግራም አትበልጥም። በነዚህ ክብደቶችና በተፈቀደው ግፊት ኳሷ ከዱላው ራስ ፍጥነት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ብታገኝ ነው፤ ከዚያ አታልፍም። በሰዓት 80 ማይል፣ ማለትም 129 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሚያወዛውዝ አዛውንት ኳሱ ከ120 ማይል አትዘልም። ብዙ አንጋፋ ተጫዋቾች የሚገኙት እዚሁ 80 አካባቢ፣ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ነው። በፊቱ በኩል የሚጨመር ነገር ከሌለ የሚቀረው ኳሷ የምትነሣበት ማዕዘን፣ ፊቱ ላይ የምታርፍበት ቦታ እና የዱላው ክብደትና ርዝመት ነው። ሽማግሌ የሚጠቀመው ከነዚህ ነው።

ከሁሉ ትልቁ ማዕዘኑ ነው፤ እሱን በብዛት የሚሰጠው ጎልፈኞች ሎፍት የሚሉት የፊቱ ዘንበል ማለት ነው። ከሁሉ አስቸጋሪውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ከኩራት ጋር ይጋጫል። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የኳስ መለማመጃ ሜዳ ላይ አንድ ወጣት ለአጎቱ ዱላ ሲያቀብል የሰማሁት ይኼን ነበር፦

"ጋሼ፣ እስቲ ይኼን ባለ 12ቱን ይሞክሩት።"

"የሴት ዱላ ልታስይዘኝ ነው?"

"ኧረ የሴት አይደለም፤ ኳሷን ከፍ ያድርግልዎት ብዬ ነው።"

"እኔ የምፈልገው ርቀት ነው። ሰማይ ምን ይሠራልኛል!"

ጋሼ የያዙት ባለ 9 ዲግሪ ነበር፤ በጎልማሳነታቸው የለመዱት። ኳሷ ዝቅ ብላ ተስፈንጥራ ትሄድና፣ ገና ስትጀምር ያላት ፍጥነት እያታለለ፣ ቶሎ አፈር ትነካለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኳሷ ወደ ኋላ እየሾረች ስለምትበር አየሩ ወደ ላይ ይደግፋታል፤ ድጋፉ ግን ከፍጥነቷ ጋር ይጨምራል፣ ከፍጥነቷ ጋርም ይቀንሳል። በ115 ማይል የሚያወዛውዝ ወጣት ዝቅ አድርጎ ቢልካት አየሩ ራሱ ያነሣታል። በ80 ማይል የተመታች ኳስ ግን ያን ያህል ደጋፊ ስለሌላት ከፍታውን ከዱላው ይዛ መነሣት አለባት። ቁጥሩን ለማመን ባለሙያዎቹን ማየት ይበቃል። የአሜሪካ የወንዶች ፒጂኤ ቱር ተጫዋቾች በአማካይ በ113 ማይል ገደማ አወዛውዘው ኳሷን በ11 ዲግሪ አካባቢ ያስነሣሉ። የኤልፒጂኤ ሴቶች 94 ማይል ገደማ አላቸው፤ የሚያስነሡት በ13 ዲግሪ ነው፣ ኳሳቸውም 220 ያርድ ገደማ አየር ላይ ትሄዳለች። "የሴት ዱላ" ያሉት ጋሼ ከነዚህ ሴቶች ጋር አንድ ቀዳዳ ቢጫወቱ ደስ ባለኝ።

በ80 ማይል ላይ ላለ ሰው ኳሷ በ14 ወይም 15 ዲግሪ ብትነሣ ጥሩ ነው፤ ለዚያም ብዙ ጊዜ ባለ 12 ዲግሪ ራስ ከባለ 9ኙ ይሻለዋል። ነገሩ አዲስም አይደለም። ጋሪ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1979 የዱላ ፋብሪካውን ቴይለርሜድን መሥርቶ ድራይቨርን ከእንጨት ወደ ብረት ሲያሻግር የሠራው የመጀመሪያው ዱላ ባለ 12 ዲግሪ ነበር። ደግሞም ከዱላው ሥር የተጻፈውን ቁጥር እንደ ወንጌል አይውሰዱት፤ 10.5 የተባለ ራስ ሲለካ አንድ ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። የሚታመነው ኳሷን የሚከታተለው መሣሪያ የሚያሳየው የመነሻ ማዕዘን ነው።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። ይኼን በቤትዎ መመርመር ይችላሉ። ለእግር ላብ የሚሸጠውን በስፕሬይ የሚነፋ ዱቄት ይግዙና የዱላውን ፊት ነጭ እስኪሆን ስስ አድርገው ይንፉበት። ከዚያ አሥር ኳስ ያህል ይምቱ። እያንዳንዷ ኳስ ዱቄቱ ላይ ክብ አሻራዋን ትታ ትሄዳለች፤ የጎልፍ መምህር ያልነገረዎትን ያ ነጭ ፊት ይነግርዎታል። አሻራዎቹ በአንድ ብር ሳንቲም ዙሪያ ከተሰበሰቡ ዱላው ተስማምቶዎታል። ከጫፍ እስከ ተረከዝ ከተበተኑ ግን ችግሩ ፍጥነት አይደለም። ከላይ ያልነው አንድ ተኩል እጥፍ የሚገኘው መሀሉን ሲመቱ ነው። እጥፉ ከ1.48 ወደ 1.38 ዝቅ ቢል በ80 ማይል የሚያወዛውዘው ሰው ኳስ ከ118 ወደ 110 ማይል ትወርዳለች፤ ያን የጠፋ ስምንት ማይል በጉልበት ለመመለስ በ86 ማይል ማወዛወዝ ሊኖርበት ነው። በ70 ዓመት ስድስት ማይል ከየት ይመጣል?

ከመሀሉ ዝቅ ብሎ የሚያርፍ አሻራም የራሱ መዘዝ አለው። ፊቱ ከላይ ወደ ታች ትንሽ ቆልመም ያለ ስለሆነ በታችኛው ክፍል የተመታች ኳስ ዝቅ ብላ ትነሣለች፣ ይበልጥም ትሾራለች፤ ሁለቱም ርቀት ይበላሉ። መፍትሔው አንዳንዴ በነፃ ነው፦ ኳሷ የምትቀመጥበትን ቲ ከፍ ማድረግ። ዱላው መሬት ላይ ሲያርፍ የኳሷ ግማሽ ከዱላው አናት በላይ ከታየ ልክ ነው።

መበተኑን የሚያባብሰው ብዙ ጊዜ ርዝመቱ ነው። ሱቅ ውስጥ ያሉት ድራይቨሮች አብዛኛዎቹ 45.5 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። ረጅም ዱላ ጫፉ ይፈጥናል፤ ለማስታወቂያ ጥሩ ነው፣ መሀሉን ለማግኘት ግን ይከብዳል። ዱላውን ከማስቆረጥዎ በፊት እጅዎን አንድ ኢንች ዝቅ አድርገው ይያዙና የዱቄቱን ፈተና ይድገሙት። አሻራዎቹ ከተሰበሰቡ አጭር ዱላ ነው የሚፈልጉት። ትልቅና ክብደቱ ወደ ኋላ የሄደ ራስም ይረዳል፤ ከመሀል ስተው ሲመቱ ቶሎ አይጠማዘዝም። አንዳንዶቹ ላይ "10ኬ" የሚል ያያሉ። ሕጉ በአንድ አቅጣጫ ላለመጠማዘዝ የሚፈቅደው ልክ 5,900 ግራም-ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 10 ሺው ሁለት አቅጣጫ ተደምሮ የመጣ ነው። ማጭበርበር አይደለም፣ ግን ይወቁት።

ሦስተኛው የዘንጉ ክብደት ነው። ዘንጉን ብዙ ሰው እንደ ጅራፍ ያስበዋል፤ በለሰለሰ ቁጥር ይበልጥ የሚያጮኽ። ልስላሴው ግን ለፍጥነት የሚጨምረው ጥቂት ነው። ሽማግሌን የሚጠቅመው ክብደቱ ነው፦ ለአንጋፋ የሚሠሩት የግራፋይት ዘንጎች ከ40 እስከ 50 ግራም ሲሆኑ ጠንካሮቹ ከ60 ያልፋሉ። ቀላሉን ዘንግ አሥራ ስምንት ቀዳዳ ሙሉ ሲያወዛውዙ ትከሻ አይዝልም፤ አሥራ አራተኛው ላይ የሚታየው ልዩነት ሱቅ ውስጥ አይታይም። ደግሞ ከልክ በላይ ከቀለለ እጅ የት እንዳለ ይጠፋዋል፣ አሻራውም መልሶ ይበተናል። "ሲኒየር" የሚለውን ጽሑፍ አይመኑ። ለዘንግ ልስላሴ የጋራ መለኪያ የለም፤ አንዱ ፋብሪካ ኤ፣ ሌላው ኤም፣ ሌላው አር 2 ይለዋል፣ የአንዱ ሲኒየር ከሌላው መደበኛ ሊጠነክር ይችላል።

ኳሷ ወደ ቀኝ እየታጠፈች ለሚያስቸግረው ቀኝ እጅ ተጫዋች ክብደቱ ወደ ተረከዙ የተጠጋ ራስ ይሻለዋል። አንገቱ በቁልፍ የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ ሎፍት ሲጨምሩ ፊቱ በጥቂቱ ወደ ግራ ይዞራል፤ ለዚህ ሰው በአንድ ቁልፍ ሁለት ሥራ ነው። ጣቱ በአርትራይተስ የተያዘ ወፈር ያለ እጀታ ያስገጥም፤ ከዱላው ሁሉ ርካሹ ለውጥ እሱ ነው።

አዲስ አበባ የሚጫወት ሌላም የሚያስበው አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች አየሩ ስስ ነው፤ ኳሷን ብዙ አይገታትም፣ ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ከምትሄደው ይበልጥ ትሄዳለች። ያው ስስ አየር ግን ወደ ላይ የሚደግፋትንም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዝግ ብሎ ለሚያወዛውዝ ሰው ሎፍት እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል የሚያስመጡ ከሆነ እዚያ የተለካውን የርቀት ቁጥር ሳይሆን የመነሻ ማዕዘኑን ይጠይቁ።

ለማስመጣትም የዘንድሮውን ሞዴል መጠበቅ አያስፈልግም። ከጥቂት ዓመት በፊት የወጣና ፊቱ ያልተሰነጠቀ ያገለገለ ድራይቨር ዋጋው ከአዲሱ በብዙ ይወርዳል፤ ግፊቱን ግን ሕጉ ራሱ አስተካክሎታል። ሐሰተኛ ዱላ በገበያው ስለሚዞር ሞዴሉን ዩኤስጂኤ እና አር ኤንድ ኤ ከሚያወጡት የተፈቀዱ ራሶች ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ። በተረፈው ገንዘብ አንድ ሰዓት ከኳስ መከታተያው መሣሪያ ፊት ቆመው፣ 10.5፣ 12 እና 13.5ን እየቀያየሩ ይምቱ።