ክርክር እስከ ጋብቻ ደጅ

የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤላውያን በኢየሩሳሌም ከዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ወር ያህል ተቀምጠው አቤት ካሉ አርባ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1985 ነበር። በሱዳን በኩል፣ ወገኖቻቸውን በየመንገዱ እየቀበሩ የገቡ ሰዎች መጋባት ሲፈልጉ፣ አስቀድመው በመንጻት ውሃ እንዲጠልቁ ታዘዙ። ይህ ደግሞ ወደ አይሁድነት ለሚገባ እንግዳ የሚደረግ ሥርዓት ነው።

የአይሁድ ሃይማኖት ለክርክር ጠባብ ሆኖ አያውቅም። የረቢዎችን ቃላዊ ሕግና ክርክር የያዘው ታልሙድ የተረታውን ወገን ሐሳብ ከነባለቤቱ ስም አኑሮታል። የጥንቶቹ መምህራን የሂሌልና የሻማይ ደቀ መዛሙርት በጋብቻ ሕግ ሳይቀር እየተለያዩ፣ እርስ በርስ ልጅ መስጠትና መቀበልን አልተዉም። ረቢ ኤሊዔዘር በአንድ ምድጃ ንጽሕና ተከራክሮ ሲወገዝም፣ ጥፋቱ ለብዙኃኑ ውሳኔ አለመገዛቱ ነበር። በ1656 የአምስተርዳም ማኅበረሰብ ፈላስፋውን ስፒኖዛን፣ በ1772 የቪልና ማኅበረሰብ የአዲስ መንፈሳዊ ንቅናቄ ተከታዮች የነበሩትን ሐሲዲሞችን አወገዘ፤ ሐሲዲሞቹ ዛሬ ከአጥባቂዎቹ ዋነኞቹ ናቸው። ታልሙድን ካልተቀበሉት ከቀራውያን ጋር ግን ብዙ ረቢዎች ጋብቻን ከለከሉ።

የቤተ እስራኤል ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ቄሶቻቸው በኦሪት ሲመሩ ታልሙድ አልደረሳቸውም። በ16ኛው መቶ ዘመን ግብፅ የነበረው ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ ከዳን ነገድ መሆናቸውን መስክሮ፣ ቃላዊውን ሕግ ያልጠበቁት ሳያውቁ እንጂ ክደው እንዳልሆነ ጻፈ። እሱም ቢሆን ጋብቻ ላይ ሲደርስ አመነታ፤ በረቢዎች ደንብ ያልተፈታች ሴት ዳግመኛ ብታገባ የልጆቿ ዕጣ ያሰጋው ነበር። በ1973 የሰፋርዲም ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በእሱ ቃል ተደግፈው አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ። ከዚህ ውሳኔ በኋላ በውሃ ጥለቁ ማለት፣ በእኔ እምነት፣ ጥንቃቄ ሊባል አይገባውም። ጥርጣሬው የተነሣው ከረቢዎቹ መጻሕፍት ነው፤ ሸክሙን ግን ለኦሪቱ ሲል መከራ የተቀበለው ሕዝብ እንዲሸከም ተደረገ።

መፍትሔው ግማሽ ሆኖ ቀረ፤ የናታንያው ረቢ ዳዊት ሸሉሽ ያለ ውሃው ሥርዓት ሊያጋቧቸው ፈቀዱ። በ2021 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአገሪቱ ውስጥ በሪፎርምና በኮንሰርቫቲቭ ረቢዎች እጅ ወደ አይሁድነት የገቡ ሰዎችን ለዜግነት ሲቀበልም፣ የጋብቻውን በር አልነካም። የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት በ2008 የቤተ እስራኤልን በዓል ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎታል፤ በዚያ ቀን ጸሎቱን የሚመሩት ቄሶች ናቸው፣ የጋብቻ መዝገቡ ግን አሁንም በረቢዎች እጅ ነው።