«ጥራት» የሚለው ቃል ስንት ነገር ይሸከማል? — የቀድሞ ፊልሞችን የቤት ቪዲዮ ቅጂዎች ስለምንመዝንባቸው ቃላት

የቀድሞ ፊልሞችን የቤት ቪዲዮ ቅጂዎች እያነጻጸሩ የምስላቸውን ሁኔታና የዋጋቸውን ተገቢነት የሚመረምሩ ጽሑፎች በውጭ ቋንቋዎች ከተለመዱ ቆይተዋል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ እንቅፋት ያጋጥመዋል፤ ይኸውም በመነሻው ቋንቋ ብዙ የተለያዩ ቃላት በገቡበት ሥፍራ ሁሉ እኛ የምናስገባው «ጥራት» የሚለውን አንድ ቃል መሆኑ ነው። ምስሉ ሲደበዝዝ «ጥራት የለውም» እንላለን፤ ቀለሙ ሲወይብም፣ ጭረት ሲበዛበትም፣ ዳርና ዳሩ ሲቆረጥም ያው «ጥራት የለውም» ነው። ጉዳቱ የአነጋገር ድኽነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣነው ነበር። ከአንድ ፊልም የቀረው አንድ የካሴት ቅጂ ብቻ ሊሆን ይችላል። በቤተ መዛግብት ካርድ ላይ «ጥራቱ ዝቅተኛ» ተብሎ የተመዘገበ ካሴት ደግሞ ቦታ በጠበበ ጊዜ በመጀመሪያ የሚወገደው እርሱ ነው። ጉድለቱ የካሴቱ ይሁን፣ ካሴቱ የተቀዳበት ፊልም ይሁን፣ ወይስ ከመነሻው ጉድለት ሳይሆን የፊልሙ የተፈጥሮ መልክ ይሁን፣ ካርዱ አይናገርም።

ለዚህ ጽሑፍ ምስክር አድርገን የምንጠራው የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ አነጋገር፣ በተለይም የመካነ ሰላምንና የቦረናን አካባቢ ነው። ቃላቱ በሌላውም የአማርኛ ተናጋሪ አገር የሚታወቁ ናቸው፤ የዚያ አካባቢ ብቻ ናቸው አንልም። የመረጥነው ውሃ መቅዳትም፣ እህል መፍጨትም፣ ጋቢ መሸመንም ዛሬም የዕለት ሥራ በሆኑበት ደጋ የእነዚህ ግሶች የመጀመሪያ ፍች ሕያው ሆኖ ስለሚገኝ ነው። ደግሞም በየወረዳው ከተማ ቪዲዮ ቤት በከፈተበት ዘመንና ከዚያም ወዲህ፣ ሰው ስለ ምስል የተናገረው በእነዚሁ ቃላት ነበር። የስያሜ ሠራተኛ አዲስ ቃል ከመቅረጹ በፊት ይህን ሊያዳምጥ ይገባዋል።

«ጠራ» ከግእዙ «ጸርየ» የመጣ ነው፤ የጸ ወደ ጠ መለወጥ «ጸጕር» «ጠጉር»፣ «ጸብሐ» «ጠባ» በሆኑበት ሥርዓት የሚሄድ ነው። በአማርኛ ውሃ ይጠራል፣ ሰማይ ይጠራል፣ ጠላና ጠጅም ይጠራሉ። የዚህ ተቃራኒ «ደፈረሰ» ነው። እንግዲህ በግሱ ውስጥ የተሰወረ አንድ ሐሳብ አለ፤ እርሱም ነገሩ ጥሩ የሚሆነው ባዕድ የሆነው አተላ ሲዘቅጥለት ወይም ደመናው ሲገለጥለት ነው የሚል ነው። ለውሃና ለጠጅ ይህ እውነት ነው። ለፊልም ምስል ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ አሳሳች ነው።

አሳሳች የምንለው ስለሚከተለው ነው። በፊልም ጥቅል ላይ ያለው ሥዕል የተሠራው ብርሃን በሚሰማቸው ጥቃቅን የብር ውሑድ ቅንጣቶች ነው። ጥቁርና ነጩ ፊልም ታጥቦ ሲወጣ ምስሉን የሚሸከመው ራሱ የብሩ ቅንጣት ነው፤ በባለ ቀለሙም በቅንጣቱ ዙሪያ የተፈጠረው የቀለም ነጠብጣብ ነው። በሰፊ መጋረጃ ላይ ሲታይ ምስሉ ረቂቅ ሆኖ የሚርመሰመስ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው። የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የአንዱ ፍሬም ስፋት ከ35 ሚሊ ሜትሩ አራት ጊዜ ከሚበልጥ ያነሰ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ መጋረጃ ለመሙላት ይበልጥ መጐላት አለበት፤ ስለዚህም ቅንጣቱ ጐልቶ ይታያል። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተነሣ፣ 150 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ይህን ፊልም አይቶ «ምስሉ አልጠራም» የሚል ገምጋሚ የተናገረው ስለ ቅጂው ሳይሆን ፊልሙ ስለተሠራበት ቁስ ነው።

በዛሬው ዘመን ነገሩን የሚያባብስ አንድ መሣሪያ አለ። የኮምፒዩተር ማጣሪያ ቅንጣቱን እንደ አተላ ቈጥሮ ያወጣዋል፤ ከቅንጣቱም ጋር የፊት ቆዳ መስመር፣ የጋቢው ድር፣ የጭድ ዘለላው አብረው ይሄዳሉ፤ ተዋናዩም ከሰም የተሠራ ይመስላል። በ«ጠራ» ሚዛን ብንመዝነው ይህ ቅጂ ከሁሉ የበለጠ ነው፤ በእውነቱ ግን ከሁሉ የጐደለው እርሱ ነው። ስለዚህ ለዚህ ነገር ከውሃ ቃል ይልቅ የእህል ቃል እንመርጣለን። እህል የሚፈጭ ሰው ዱቄት «ላመ» ወይም «ሸከረ» ይላል፤ እህሉ በጥቂቱ ብቻ ተሰባብሮ ሲቀር ደግሞ «ተሸረከተ» ይባላል። የላመም ሆነ የተሸረከተ ያው እህል ነው፤ ሸካራ ስለሆነ ማንም እንክርዳድ አይለውም። እንግዲህ «ቅንጣት» የሚለውን ለፊልሙ ቅንጣት፣ «የላመ ቅንጣት» እና «ሸካራ ቅንጣት» የሚሉትን ለደረጃው ብንይዝ፣ አንባቢው ቅንጣት ከጉድለት የሚቈጠር እንዳልሆነ ከቃሉ ራሱ ይረዳል። በአንጻሩ በፊልሙ ላይ ያረፈው አቧራ «ጉድፍ» ነው፤ ጉድፍ ከዓይን የሚወጣ ባዕድ ነገር ነውና ስያሜው በሚገባ ይገጥማል። በማሳያ መኪናው ውስጥ በተመላለሰ ቍጥር የሚደርስበት ቍስል «ጭረት» ነው። ጉድፍና ጭረት ሊወገዱ ይገባቸዋል፤ «ጠራ» የሚለውን ግስ ለእነዚህ ብቻ ብንጠብቀው በቦታው ይውላል።

«ቀለም የለውም» የሚለው አባባልም እግረ መንገዱን መታረም አለበት። በ1957 ዓ.ም. የቀረበው «ሂሩት አባቷ ማነው» ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ቀለም የጐደለው ፊልም አይደለም። ቀለም ኖሮት በዕድሜ ብዛት ያጣው «የወየበ» ነው፤ ነጠላ ወየበ እንደምንለው። ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ምስሉ ሁሉ ወደ ነጭ ሲያደላ ደግሞ «ጉም ለብሷል» ይባላል። ከዓባይ ሸለቆ ሽቅብ የሚወጣውን የክረምት ጉም የሚያውቅ ሰው ይህን ከ«ደብዛዛ» ጋር አያምታታውም፤ በጉም ውስጥ የቅርቡ ዛፍ ቅርጹ ሳይጠፋ ጥቁረቱ ብቻ ይቀንሳልና። ደብዛዛ የሆነው ግን ቅርጹ ራሱ የጠፋው ነው።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንምጣ። ቪኤችኤስ ካሴት በአግድም 240 ያህል መስመር ይለያል። ቪሲዲ በእኛ አገር በሚሠራበት የፓል ሥርዓት 352 በ288 ነጥብ፣ ዲቪዲ 720 በ576፣ ብሉሬይ 1920 በ1080፣ 4ኬ የሚባለው የቤት ዲስክ 3840 በ2160 ነጥብ ይይዛል። ይህ የዕቃው «ይዞታ» ነው እንጂ የምስሉ «ጉልህነት» አይደለም። ከቪኤችኤስ ካሴት ላይ የተገለበጠ ብሉሬይ፣ ትልቅ ጋን ውስጥ የፈሰሰ አንድ ብርሌ ጠጅ ነው፤ ጋኑ ቢሰፋ ጠጁ አይበዛም። በዲስኩ መያዣ ላይ የሚታተመው ቍጥር ሁልጊዜ የጋኑ ስለሆነ፣ ተርጓሚው ያንን ቍጥር «የምስል ጥራት» ብሎ ቢመልሰው ሻጩ ራሱ በግልጽ ያላለውን ተናገረለት ማለት ነው።

ምስሉ ከየት እንደተገኘ የሚያመለክቱት ግሶች ይልቁንም የሚያስደንቁ ናቸው። «ቀዳ» ከግእዙ «ቀድሐ» ነው፤ መጀመሪያ ውሃ፣ በኋላም ድምፅና ምስል ተቀዳ። ከእንስራ ወደ ቅል፣ ከቅል ወደ ዋንጫ በተቀዳ ቍጥር ጥቂት እንደሚፈስ ሁሉ፣ ካሴትም ከካሴት በተቀዳ ቍጥር ከምስሉ ይጐድላል። ዲጂታል መዝገብ ግን ሳይጐድል ይባዛል፤ ተናጋሪውም ልዩነቱን ሳይነገረው አውቆ ካሴት «ይቀዳል»፣ ፍላሽ ላይ «ይጫናል» ወይም «ይገለበጣል» ይላል። መካነ ሰላም ሆነ አዲስ አበባ፣ ወጣቱ ለባለ ሱቁ «ጫንልኝ» ሲለው ትሰማላችሁ እንጂ «ቅዳልኝ» ሲል አትሰሙም ለማለት ይቻላል። እኛም የምናቀርበው ይህንኑ ተከትለን ነው፦ ከካሴት ካሴት «ቅጂ»፣ ከፊልም ጥቅል ወደ ቪዲዮ «ግልበጣ»፣ ፊልሙ እንደገና ከጥቅሉ ሲወሰድ «ዳግም ግልበጣ»። «ኦርጅናል» የሚለው የገበያ ቃል ግን ከዚህ ውጪ ይሁን። በሱቅ ቋንቋ ኦርጅናል ማለት ያልተሰረቀ፣ አስመስሎ ያልተሠራ ማለት ነው፤ ዲስኩ ከመጀመሪያው ኔጋቲቭ ተገለበጠ ማለት አይደለም። በሕጋዊ መንገድ የታተመ ዲስክ ከአራተኛ ቅጂ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል።

ምስሉ ጉልህ፣ ጉድፉም የጸዳ ሆኖ ሥራው ሌላ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ለዚህ ከወሎ ታሪክ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኃብ የሠራው ዘገባ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመንበራቸው በወረዱበት ዋዜማ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተላለፈው ደግሞ በዚሁ ዘገባ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ድሎት ምስሎች የተሰገሰጉበት ነበር። የረኃቡ ምስሎች ያው ናቸው፤ ፊልሙ ግን ሁለት ነው። ሁለቱን «ቅጂ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት መዝጋቢውን ያሳስታል፤ አንዱ ከሌላው አልተቀዳምና። እዚህ ላይ «ቅንብር» የሚለው ቃል ይሻላል፤ «የብሪታንያው ቅንብር»፣ «የመስከረም 1 ቅንብር» ብንል አንባቢው የትኛውን እንደያዘ ያውቃል።

ነገር ግን የርዝመት ልዩነት ሁሉ የቅንብር ልዩነት አይደለም፤ በዚህ ረገድ ብዙ መዝጋቢዎች ተሳስተዋል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ይሄዳል፤ የፓል ቪዲዮ 25 ይሄዳል። ፊልሙ ወደ ፓል ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ስለሚፈጥን 100 ደቂቃው 96፣ የ«ምርት» 150 ደቂቃም 144 ይሆናል። አንዲት ፍሬም ሳትጐድል ስድስት ደቂቃ «ጠፋ»! ድምፁም በጥቂቱ ይቀጥናል። ይህን «የተቆረጠ» ብሎ መመዝገብ ስሕተት ነው። በእውነት የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ ጐኑ ነው፤ ሰፊው ፊልም በቀድሞው የ4 በ3 ቴሌቪዥን እንዲሞላ ሲባል ግራና ቀኙ ይቀነሳል። ሸማኔ «ወርድ» የሚለውን እዚህ እናውለው፦ «የወርድና የቁመት ውድር»፣ የተቀነሰውም «ወርዱ የጐደለ»። ከላይና ከታች ጥቍር ማሰሪያ ያለበት ቅጂ ግን ወርዱ ያልተነካ ነው፤ ተመልካች «ምስሉ ተበላ» የሚለው በተቃራኒው ነው።

የተጐዳ ፊልም መልሶ ደኅና ማድረግን ምን እንበለው? «ተሐድሶ» በፖለቲካውም በሃይማኖቱም ክርክር ስለተያዘ ለሌላ የሚተርፍ አልሆነም። «ምልሰት» በልቦለድ ጥናት ወደ ኋላ መመለስን የሚያመለክት የቆየ ስያሜ አለው። «እድሳት» አንድ ሥጋት አለበት፦ የታደሰ ቤት አዲስ መልክ ያገኘ ቤት ነው፤ በአሮጌ ሥዕል ላይ አዲስ ቀለም መቀባትም እድሳት ይባላል። እኛ «ጥገና» እንመርጣለን። ወጌሻ አጥንት ሲጠግን የወለቀውን ወደ ነበረበት ይመልሳል እንጂ አዲስ አጥንት አይሠራም። የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው፣ በ2021 በ4ኬ ተጠግኖ በኔትፍሊክስ ቀረበ ስንል፣ ፊልሙ በወጣበት ጊዜ የነበረውን መልክ እንዲያገኝ ተደረገ ማለታችን ነው። ጥገናው ከዚያ አልፎ ቅንጣቱን ካላመና ቀለሙን ለዘመኑ ዓይን ካሳመረ፣ ያኔ «እድሳት» ተብሎ ቢጻፍበት ተገቢ ነው፤ ሁለቱም ቃላት ሥራ ያገኛሉ።

የቀረን «ዋጋ» ነው። ገምጋሚዎች ምስሉን ከመዘኑ በኋላ ዲስኩ የተጠየቀበትን ገንዘብ ይመጥን እንደሆነ ይፈርዳሉ። ይህን «እሴት» ብለው የመለሱ ትርጉሞች አጋጥመውናል፤ ነገር ግን እሴት የኅብረተሰብ እንጂ የዲስክ አይደለም። «ዋጋ አለው» ቢባልም ውድ ነው ማለት ይሁን ጠቃሚ ነው ማለት አይለይም። ገበያተኛው ግን ከጥንት ጀምሮ ቃሉን ይዞ ነበር፦ «ያዋጣል»፣ «አያዋጣም»። ከዚህም «አዋጪነት» የሚለው ስም በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ለፕሮጀክት ጥናት ገብቷል፤ ለፊልም ዲስክ የማይውልበት ምክንያት አይታየንም። ቪሲዲ ያለው ሰው የዚያኑ ቅጂ ግልባጭ በብሉሬይ ቢገዛ አያዋጣውም፤ ከኔጋቲቩ ዳግም የተገለበጠ ከሆነ፣ ወይም ወርዱ ያልጐደለ ከሆነ፣ በዲቪዲም ቢሆን ያዋጣዋል። ለቤተ መዛግብት ግን አዋጪነት መመዘኛ ሊሆን አይገባም። ለነጠላ ቅጂ የሚጻፈው ካርድ «ጥራት» በሚለው ፈንታ፣ ምንጩን፣ ቅንብሩን፣ ወርዱን፣ የቅንጣቱን ሁኔታ፣ ጉድፉንና ጭረቱን ለየብቻ የሚያስጽፍ መስመር ይኑረው።