ያውቁ ኖሯል? ቀላል ቤት፣ ብርቱ ነፋስ

በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው የኡም ጋርጉር መጠለያ ጣቢያ ለኤርትራውያን ስደተኞች የተከፈተው በ1976 እ.ኤ.አ. መሆኑን ያውቁ ኖሯል? «ለጊዜው» ተብሎ የሚሠራ ጎጆ ስንት ክረምት መቻል እንዳለበት ከዚህ ይገምቱ።

አንድ ነገር ምን ያህል መጠንከር እንዳለበት ለመለካት መሐንዲሶች «ሴፍቲ ፋክተር» የሚሉት ቀላል ሒሳብ አለ፤ የሚሰብረው ጭነት ለሚጠበቀው ጭነት ሲካፈል። ለሊፍት ገመድ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ይጠየቃል። ለመንገደኞች አውሮፕላን ግን 1.5 ብቻ! የኢትዮጵያ አየር መንገድም የሚያበረው ቦይንግ 777 በ1995 እ.ኤ.አ. ሲፈተን ክንፉ የተሰበረው በሚጠበቀው ከፍተኛ ጭነት 1.54 እጥፍ ነበር። አምራቾቹ አልደነገጡም። በ3 እጥፍ ቢሰበር ኖሮ ነበር የሚያሳፍረው፤ ትርፉ ብረት በየበረራው ነዳጅ ይበላ ነበርና።

ትንሽ ሞዴል እንደሚያታልልስ? ጋሊሊዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፦ ሁሉም ልኬት 10 እጥፍ ሲያድግ ክብደቱ 1000 እጥፍ፣ የምሰሶው ቁራጭ ገጽ ስፋት ግን 100 እጥፍ ብቻ ይጨምራል። የራሱን ክብደት 15 እጥፍ የሚችል ሞዴል ሲያድግ 1.5 ይቀረዋል።

የቀጭን ምሰሶ ቁመት እጥፍ ሲሆን የሚያጎብጠው ጭነት ወደ ሩብ ይወርዳል። መሐሉን በማገር በደንብ ያስሩት፣ አቅሙ ይመለሳል። ቀርከሃም ውስጡ ባዶ መሆኑ ጉድለት አይደለም፤ በዚያው ክብደት ከድፍን እንጨት ይልቅ ጉብጠትን ይቋቋማል።

በ2013 እ.ኤ.አ. በዶሎ አዶ የስደተኞች ጣቢያ የኢኬያ ፋውንዴሽን የደገፈው ተገጣጣሚ ቤት ተሞክሯል። የኋላው ሞዴል 17.5 ካሬ ሜትር፣ ክብደቱ 160 ኪሎ ገደማ ነው። አሁን ገዳሪፍ ላይ አቆሙት እንበል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ያህል ይገፋል። ይህ ሁሉ ጣሪያውን ወደ ላይ ቢጎትት 437 ኪሎ ይሆናል። በሴፍቲ ፋክተር 1.5 ሲባዛ 656፤ የቤቱ ክብደት ሲቀነስ 496 ይቀራል። አራቱ ማዕዘኖች ቢካፈሉት እያንዳንዱ ካስማ 124 ኪሎ መያዝ አለበት። የቤቱ ድክመት ግድግዳው ላይ ሳይሆን መሬት ውስጥ ነው ማለት ነው።

መሬቱም የዋዛ አይደለም። የገዳሪፍ ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ያብጣል፤ ካስማውን ያላላዋል። እናም ድንኳን ወይም ጎጆ ያለዎት ሁሉ፣ ሰኔ ሳይገባ ካስማዎን አንድ በአንድ ነቅንቀው ይዩ፤ የሚነቃነቀውን እንደገና ይምቱት።